ትንሽ ጀልባን ግቢ ውስጥ ከተሳቢ ማውረድ፦ በሰው ጉልበት፣ በጎማ፣ በድጋፍ፣ በካቴና ወይስ በክሬን?

ጀልባን ከሐይቅ ዳር ጭኖ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ድረስ ማምጣት ያን ያህል አያስቸግርም። ጭንቁ የሚጀምረው የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ሥሯን ለመቀባት፣ የተሰነጠቀውን ለመድፈን ወይም ተሳቢውን ለሌላ ሥራ ለመልቀቅ ጀልባዋ መውረድ አለባት፤ ውሃ ዳር እንደሚደረገው ተሳቢውን አስጥሞ ጀልባዋን ማንሳፈፍ ግን ግቢ ውስጥ የለም። ክብደቷ ሁሉ የሚያርፈው በሰው ክንድ፣ በእንጨት ወይም በካቴና ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲከዳ ደግሞ ከሥር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሰው እግር ነው።

በሸራ የምትሄድ ጀልባ «ሐይቅ» በሚባለው የወሎ ሐይቅም ሆነ በጎረቤቱ በአርዲቦ ላይ እንደ ልብ አትገኝም፤ የሚበዙት የዓሣ ማጥመጃና የእንግዳ ማመላለሻ ጀልባዎች ናቸው። ከተሳቢ አወራረዱ ላይ ግን ሸራ ያላትም የሌላትም አንድ ናቸው። የሸራዋ ልዩነት ረጅሙ ምሰሶዋና አንዳንዴም ከሥሯ እንደ ክንፍ ወደ ታች የወጣው ከባድ ብረት ነው፤ ሁለቱንም በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ወሎ ውስጥ ለሸክም ሰው አይጠፋም፤ ጎረቤት አለ፣ የቅሬ (የእድር) አባል አለ፣ መናኸሪያና ገበያ ዳር ጫኝና አውራጅ አለ። ይህ ጸጋ ነው፤ ጀልባ ላይ ሲሆን ግን ያሳስታል። ሰው ስለተገኘ ብቻ «እናንሳት» ይባላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ ከአንድ ኩንታል በላይ የሆነችን ጀልባ ከተሳቢው ላይ አታንሱ፤ እሷ ባለችበት ትቁምና ተሳቢውን ከሥሯ አውጡት።

መጀመሪያ ኪሎዋን እወቁ

ዘዴ የሚመረጠው በጀልባዋ ርዝመት ሳይሆን በክብደቷ ነው። ፋብሪካ የሠራቸው የሸራ ጀልባዎች ክብደት የታወቀ ነው፦ ልጆች የሚሠለጥኑባት ኦፕቲሚስት ገላዋ 35 ኪሎ ነው፤ 4.23 ሜትር የምትረዝመው ሌዘር 59 ኪሎ፣ 4.82 ሜትር የሆነችው ዌይፋረር ደግሞ 169 ኪሎ። ከሌዘር እስከ ዌይፋረር ያለው የርዝመት ልዩነት አንድ ክንድ ከስንዝር አይሞላም፤ ክብደቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ዓይን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

በየብረታ ብረት ቤቱ የተበየደች ጀልባ ከሆነች በስሌት ቅረቧት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 23.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 12 ካሬ ሜትር ላሜራ የገባባት ጀልባ እንግዲህ አንግል ብረቷና መቀመጫዋ ሳይቆጠር 280 ኪሎ ገደማ ሆነች። የእንጨቷ ደግሞ ውሃ ከጠጣች ከደረቁ ክብደቷ ብዙ ትጨምራለች። በአቅራቢያችሁ የመኪና ሚዛን ካለ ተሳቢውን ከነጀልባው አስመዝኑ፤ የባዶውን ተሳቢ ክብደት ስትቀንሱ እርግጡን ታገኛላችሁ።

ከዚያ ቀንሱላት። ሞተሩ ይፈታ፤ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ ነው፣ ያውም ሁሉም ከኋላ የተንጠለጠለ። የነዳጅ ጄሪካኑ፣ መልህቁ፣ ባትሪው፣ መቅዘፊያው፣ መሪው ይውጣ። ከሁሉ በላይ የውሃ ማፍሰሻ ቡሿን ንቀሉ። 1 ሜትር በ3 ሜትር ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢቋጠር 300 ሊትር ነው፤ 3 ኩንታል ጤፍ ሳይታይ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ውሃ ደግሞ እንደ እህል አይረጋም፤ ጀልባዋ በተዘነበለች ቁጥር ወዳዘነበለችበት ይሮጣል፣ አንዱን ጎን በድንገት ያከብዳል። ክረምት ሙሉ ደጅ የቆየች ጀልባ ላይ ይህን ሳያዩ እጅ ማሳረፍ አይገባም።

ቦታውና ሰዓቱ

ደሴ ላይ ደልዳላ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከቶሳ ሥር የተሠራ ከተማ ነውና ሁሉም ነገር ወደ ታች ይሄዳል። ጀልባዋ የምትወርድበት ቦታ ግን የግድ ደልዳላ መሆን አለበት፤ ከሌለ መደልደል ነው። ዋልካ አፈር ያለበት ግቢ ከሆነ ክረምትን አትሞክሩት፤ ዛሬ ቀጥ ያለው ድጋፍ ነገ በአንድ ጎኑ ሰጥሞ ታገኙታላችሁ። ወሎ በልግም ስላለው ከየካቲት በኋላም መሬቱ አያስተማምንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ቢሆን መልካም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታልና። የጀልባ ጎን ሰፊ ነው፤ የተንጠለጠለችን ጀልባ መጠነኛ ነፋስ ያዞራታል።

ወደ ላይም ተመልከቱ። ወደየቤቱ የሚገባው የመብራት ሽቦ ግቢ ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። የሸራው ምሰሶ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መንገድ ዳር ያለው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ደግሞ ሳይነካም በቅርበት ብቻ ሊዘል ይችላል። ምሰሶው ጀልባዋ ወርዳ እስክትረጋ ድረስ ተነቅሎ መሬት ይተኛ። ግቢ ውስጥ «እንዴት እንደምታምር እንይ» ብሎ ማቆም አያስፈልግም።

ተሳቢው ከመኪናው ጋንጮ ጋር እንደተያያዘ ይቆይ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግለት። ከፊት ጀልባዋን የያዘው ገመድ መጨረሻ የሚፈታ ነው። ሌላው ማሰሪያ ሁሉ ሲፈታ እሱ ብቻውን ይቀራል፣ ሁሉም ሰው ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ማንም አይነካውም።

ባትወርድስ?

ይህን ጥያቄ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ሥራችሁ ጎኗን መቀባት ወይም አንድ ቀዳዳ መድፈን ከሆነ ተሳቢው ላይ እንዳለች ይሠራል። ከሥር የሚደግፏትን ጣውላዎች አንድ በአንድ ዝቅ አድርጎ የነበሩበትን ቦታ ቀብቶ መመለስ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም። ከሥሯ ከባድ ብረት ያላት የሸራ ጀልባ ከሆነች ግቢ ውስጥ ላለማውረድ የምሰጣችሁ ምክር የጠነከረ ነው፦ ክሬን ካላገኛችሁ ተዉት።

በሰው ጉልበት

ከአንድ ኩንታል በታች ለሆነች፣ ሥሯ ለስላሳ ለሆነች ጀልባ ከዚህ የተሻለ የለም። ሌዘርን የምታህል ጀልባ ለአራት ሰው 15 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ ስድስት ሲሆኑ ደግሞ እንደ ልብ ነው። ዌይፋረርን ስምንት ሰው ቢይዛት በሒሳቡ ለአንዱ 21 ኪሎ ይመጣል፤ ችግሩ ሒሳቡ መሬት ላይ አለመሥራቱ ነው። አጭሩ ሰው ሲነሳ አይደርስም፣ ረጅሙ ይሸከማል። የጀልባ ጠርዝ ደግሞ የቃሬዛ ዘንግ አይደለም፤ ትከሻ ላይ አይቀመጥም፣ በጣት ነው የሚያዘው፣ ጣት ይላባል። የእኔ መስመር አንድ ኩንታል የሆነው ስለዚህ ነው።

የምታወርዱት በዚህ ከሆነ የሚያዝዝ አንድ ሰው ይሁን፣ እሱም አይሸከም፤ ሁሉንም የሚያይበት ቦታ ይቁም። ትዕዛዙ ከማንሳቱ በፊት ይነገር፦ በስንት ቆጠራ እንደሚነሳ፣ ወዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚቀመጥ። ጀልባዋ መሀል መንገድ ላይ ሳለች የሚከተለው ዓይነት ነገር ይሰማል፤

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ከበደ!»

«አብሽር፣ አትልቀቅ! ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ። አሁን ጉልበታችሁን እያጠፋችሁ ዝቅ በሉ… ቀስ… እግር ከሥር አውጡ!»

ያ ድምፅ ባይኖር የከበደው ይለቃል፤ እሱ ሲለቅ ከጎኑ ያለው የሁለት ሰው ይሸከማል፣ እሱም ይለቃል። ከቆመችበት እስከምትቀመጥበት ያለውን መንገድ ቀድማችሁ ጥረጉ፣ የምታርፍበትም ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ጎማ አስቀምጡ። ባዶ መሬት ላይ ስትቀመጥ ጣት መሀል ይቀራል። ጫማ የተዘጋ ይሁን፤ በሸበጥ የመጣ ሰው ቡና በማፍላት ያግዝ።

ጫኝና አውራጅ ብትጠሩ ጉልበቱም ልምዱም አላቸው። ዋጋውን ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ከዋጋው ጋር ግን ጀልባ ሲሚንቶ አለመሆኑንም ንገሯቸው። ከረጢት ጀርባ ላይ ይወረወራል፤ የፋይበር ጀልባ ከአንድ ክንድ ከፍታ በአንድ ጥግ ብትወድቅ ከላይ ቀለሟ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተኑ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ። በመዳፍ ሲዳስሷቸው አይሰሙም፣ በጥፍር ሲሄዱባቸው ግን ይይዛሉ። ውሃ የሚገባው በእነሱ ነው።

በጎማ ላይ ማንሸራተት

ከ1 እስከ 3 ኩንታል ላለች፣ ሥሯ ጠፍጣፋ ለሆነች ጀልባ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። የሚያስፈልገው አምስት ስድስት አሮጌ የመኪና ጎማ፣ ጠንካራ ገመድና ሥር የሰደደ ዛፍ ወይም በኮንክሪት የተቀበረ ምሰሶ ነው። የጀልባዋ ኋላ ሁለት ጥጎች በገመድ ተይዘው ከዛፉ ጋር ይታሰራሉ፤ ጎማዎቹ ከተሳቢው ጀርባ ተኝተው ይደረደራሉ፤ የፊቱ ገመድ ይፈታል፤ ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ በኤሊ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ጀልባዋ ባለችበት ስትቀር ተሳቢው ከሥሯ ይንሸራተታል፣ ኋላዋ ጎማ ላይ ያርፋል፣ እየወጣች በሄደች ቁጥር ሌላ ጎማ ይጨመርላታል።

ሁለት ቦታ ላይ ልብ በሉ። አንዱ የጀልባዋ ክብደት ከተሳቢው ጎማ ወደ ኋላ ያለፈበት ቅጽበት ነው። ተሳቢው ከመኪናው ከተፈታ በዚያች ቅጽበት የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ጫፉ፣ ወደ ሰማይ ይነሳል፤ እዚያ ጎንበስ ያለ ሰው አገጩን ነው የሚመታው። ለዚህ ነው ጋንጮው አይፈታም ያልኩት። ሁለተኛው ገመዱ ነው። ናይለን ሲወጠር ይለጠጣል፣ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። የቃጫ ገመድ ያን ያህል አይለጠጥም፤ ዕድሜ የጠገበ ከሆነ ግን ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። የየትኛውም ቢሆን በገመዱ መስመር ላይ ማንም አይቁም፤ ልጆችም ቤት ይግቡ።

ፊቷ ከተሳቢው ሲለቅ ይወድቃል። እሱ ሥር ሁለት ሦስት ጎማ ተደራርቦ ይጠብቃት፤ በእጅ ለመቀበል አትሞክሩ።

ደግፎ ተሳቢውን ማውጣት

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት ሰው ግን ይበቃዋል፣ ማንም ምንም አይሸከምም፤ ሥሯን ለመሥራትም ጀልባዋ በሚመች ከፍታ ላይ ትቀራለች። እስከ 4 ኩንታል ድረስ ያለ ሐሳብ እመክረዋለሁ።

አሠራሩ ተሳቢውን ራሱን እንደ ማንሻ መጠቀም ነው። ለዚህ ሥራ መኪናው ይፈታል፤ ስለዚህ የጎማው ታኮ እጥፍ ይጠንክር፣ የፊቱ ገመድም ከጀልባዋ ጋር እንደታሰረ ይቆይ። የተሳቢውን አፍንጫ ዝቅ ስታደርጉ የጀልባዋ ኋላ ከፍ ይላል። ያኔ ከኋላዋ ሥር አግድም ወፍራም ግንድ አስገብታችሁ ግራና ቀኙን በጣውላ ክምር ደግፉ። ከዚያ አፍንጫውን በክሪክ ወደ ላይ አንሱ፤ ኋላዋ ግንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቷ ይነሳል። ከፊቷ ሥር ሁለተኛውን ግንድ አስገቡና ደግፉ። የፊቱን ገመድ ፈታችሁ አፍንጫውን ስትመልሱት ጀልባዋ በሁለቱ ግንዶች ላይ ቀርታለች፣ በእሷና በተሳቢው መሀል ብርሃን ይታያል። ብርሃኑ ካልታየ የተሳቢውን ጎማ ጥቂት አስተንፍሱ፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

የሚረሳው ነገር ተሳቢው ወደ ፊት ሲወጣ የሚያልፈው በፊተኛው ግንድ ሥር መሆኑ ነው። ግንዱ ከተሳቢው ጎማዎች ወርድ በላይ ይርዘም፤ ተሳቢው 1.5 ሜትር ከሆነ ግንዱ ከ2 ሜትር አይነስ። የተሳቢው አልጋ ጣውላ ከግንዱ በላይ ከፍ ብሎ ከሆነም ይገጨዋል፤ ወይ ጀልባዋን ጨምራችሁ ከፍ አድርጉ፣ ወይ ጣውላውን ከቡሎኑ ፍቱት። ከመጎተታችሁ በፊት ከኋላ ተንበርክካችሁ እስከ ፊት ድረስ በዓይናችሁ ለኩ፤ ተሳቢው የሚያልፍበት መንገድ አንድም ነገር ሳይነካው መታየት አለበት። ከዚያ በቀጥታ፣ ሳይታጠፍ፣ ወደ ፊት።

ግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ የደረቀና ያልተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ቢሆን ይበቃል። ለጣሪያ የሚገዛው ሞራሌ ለዚህ አይሆንም። የግንበኞች ብረት ካቫሌቶ (ባለ እግር መቆሚያ) ካላችሁ ለጎን ማስጠበቂያ ጥሩ ነው፤ ጀልባዋ እንዳትወዛወዝ ከግራና ቀኝ ይቁም፣ የአንዱ እግር ከሌላው ጋር በሥሯ በኩል በገመድ ይታሰር፣ እንዳይንሸራተት። ክብደቱ ግን የግንዶቹ ነው። ግንዱም የሚያርፍበት ቦታ ጀልባዋ ጠንካራ የሆነችበት ይሁን፦ ከኋላ ግድግዳዋ አጠገብ፣ ከፊት የውስጥ ማገሯ ባለበት። በግንዱና በጀልባዋ መሀል የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አስገቡ።

ስለ ብሎኬት ጠንከር ብዬ ልናገር፣ በየግቢው የማየው እሱን ነውና። ባዶ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት የግድግዳ ነው። ክብደት በአንድ ጠርዙ ሲያርፍበት እንደ እንጨት አይጮህም፣ አይጎብጥም፤ በአንድ ጊዜ ይደቃል። እንጨት ሊሰበር ሲል ይንቃቃል፣ ለማምለጥ ትንፋሽ ይሰጣል። ስለዚህ ድጋፉ ጣውላ ይሁን፤ አንዱ ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየተነባበረ፣ ቁመቱ ከወርዱ እጥፍ ሳይበልጥ። ክሪክም እንደዚሁ፦ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ያነሳችሁትን ወዲያው በጣውላ ተከተሉት፣ ክሪክ ብቻ የያዘው ነገር ሥር እጅ አይግባ።

በካቴና ማንሻ

ጋራዦች የመኪና ሞተር የሚያወርዱበትን የካቴና ማንሻ ማግኘት አይከብድም፤ አንድ ቶን የሚያነሳውም አለ። ድካሙ ማንሻው ሳይሆን የሚንጠለጠልበት ነው። የቤት ጣሪያ ማገር ቆርቆሮ ለመሸከም የተሠራ ነው፣ አትሞክሩት። የማንጎ ወይም የግራር ቅርንጫፍም ክብደት ላይ ሲወዛወዝ ጉዱ አይታወቅም። ከተደረገ ሁለት ባለሦስት እግር ብረት፣ አንዱ ለፊት አንዱ ለኋላ፣ ሁለት ማንሻ፣ ሰፊ የጭነት ቀበቶ። በአንድ ማንሻ መሀሏን የተያዘች ጀልባ ትሽከረከራለች።

ቀበቶው ጀልባዋን አቅፎ መንጠቆው ጋ ሲገናኝ አንግሉን ተመልከቱ። ሁለቱ ክንዶቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከወጡ እያንዳንዳቸው የክብደቱን ግማሽ ይይዛሉ። ተንጋደው ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ብቻ ከቀሩ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉውን ክብደት ይሸከማሉ፣ ጎኗንም ወደ ውስጥ ይጨምቋታል። ስለዚህ ማንሻው ከፍ ይበል፣ ቀበቶው ይርዘም። 10 ሳንቲ ሜትር አንስታችሁ ቁሙ፣ ሁሉንም እዩ፣ ከዚያ ተሳቢውን አውጥታችሁ ወዲያው አውርዱ። ከ3 እስከ 5 ኩንታል ላላትና ደጋግሞ ለሚያወርድ ሰው ያዋጣል፤ ለአንድ ጊዜ ግን ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

በክሬን

ከ5 ኩንታል በላይ ከሆነች፣ ወይም ከሥሯ ከባድ ብረት ካላት፣ ወደዚህ ነው መምጣት። ፋብሪካና ግንባታ ስላለ ኮምቦልቻ ላይ መጠየቅ ይቀላል፤ ደሴ ውስጥ ግን መንገዱ ጠባብና አቀበት ነው፣ መኪናው በር ድረስ መድረሱንና እግሮቹን ዘርግቶ የሚቆምበት ጠንካራ መሬት መኖሩን ቀድማችሁ በእግር ሄዳችሁ እዩ። ዋጋው በሰዓት ወይም በጉዞ ስለሚታሰብ ጀልባ ካላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር አንድ ቀን ብትቀጥሩ ይቀልላችኋል። ሎደር በአካፋው ያውርዳት የሚል ካገኛችሁ እንቢ በሉ። ከባድ ብረት ያላት ጀልባ ስትቀመጥ ክብደቷ በዚያው ብረት ላይ ይረፍ፤ የጎን ድጋፎቹ እንዳትወድቅ ብቻ ናቸው።

ስትመልሷትስ?

ማውረጃውን ስትመርጡ መጫኛውንም አብራችሁ አስቡ። ደግፋችሁ ያወጣችሁት ተሳቢ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል። በጎማ ያንሸራተታችኋት ግን በቀላሉ አትመለስም፤ ተሳቢው ላይ በእጅ የሚዞር የገመድ መጠቅለያ ከሌለ ሽቅብ የሚስባት ሰው መቀጠር አለበት። ለዚህ ነው በጎማው ርካሽነት ብቻ እንዳትወስኑ የምለው። እስከምትመለስ ድረስ ደጅ የምትቆይ ከሆነ ቡሿ እንደተነቀለ ይቅር፣ ፊቷ ከኋላዋ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ መሸፈኛ ሸራ ሲለብስባት ደግሞ ገመዱ ከጀልባዋ ጋር እንጂ ከድጋፎቹ ጋር አይታሰር፤ ነፋስ ሸራውን ሲያነሳው ድጋፉን ነቅሎ ይወስደዋል።